በኬሞ ጊዜ አፍ ሲቆስል፦ የጓዳችንና የጓሯችን ዕፅዋት የሚረዱበትና የሚጎዱበት

እናቴ ሁለተኛውን ዙር ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ከወሰደች በሰባተኛው ቀን ጠዋት የቀረበላትን ሻይ አንድ ጊዜ ብቻ ፉት አለችና ስኒውን መልሳ አስቀመጠችው። በእጅ ባትሪ አፏን ስመለከት የከንፈሯ ውስጠኛ ክፍል ቀልቷል፤ ከምላሷ ግራ ጎን ደግሞ ዙሪያው ቀይ፣ መካከሉ ነጣ ያለ፣ የምስር ፍሬ የሚያህል ቁስል ወጥቷል። በዚያው ቀን ሊጠይቋት የመጡ አንዲት ጎረቤታችን ፌጦ ከነጭ ሽንኩርትና ከሎሚ ጋር ወቅጠው አመጡልንና «ልጄ፣ ትንሽ አፏ ውስጥ ትያዘው፤ ቁስሉን ጠራርጎ ያወጣላታል» አሉኝ። እናቴ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳትይዘው እንባዋ ፈሰሰ፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ውኃ መዋጥ አቃታት። ሴትዮዋ ያመጡልን ከፍቅር ነው፤ ጥፋቱ ሳልጠይቅ የፈቀድሁት የእኔ ነው። በጅማና በአካባቢዋ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ሰዎች ይህን ስሕተት እንዳይደግሙት በማሰብ የትኛው ተክል እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ የትኛው ደግሞ ከአፍ መራቅ እንዳለበት በዝርዝር እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ቁስሉ ከየት እንደሚመጣ መረዳት ይገባል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው እንደ ተራ የአፍ ቁስል ቆጥሮ የሚያቃጥል መድኃኒት ይፈልግለታልና። የኬሞ መድኃኒት ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን የሚያጠቃ በመሆኑ፣ ካንሰሩን ሲመታ በየጥቂት ቀኑ ራሱን የሚያድሰውን የአፍና የጉሮሮ ስስ ሽፋንም አብሮ ይመታል። አሮጌው ሽፋን ሲረግፍ አዲሱ ሳይደርስ ስለሚቀር አፍ ይላጣል። ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ5 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ ይጀምርና በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ይሽራል። ራስና አንገት ላይ ጨረር በሚወስዱ ሕመምተኞች ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ጨረሩ ካበቃ በኋላም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ክፉው ነገር ይህ ቁስል የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሰውነትን ከጀርም የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል በሚቀንስበት በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው፤ በሩ በተከፈተበት ሰዓት ጠባቂው የለም እንደማለት ነው። ስለዚህ አፍ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ነገር፣ ዕፅዋትም ቢሆን፣ መለኪያው ሦስት ነው፦ ንጹሕ ይሁን፣ የማያቃጥል ይሁን፣ ሐኪሙም ይወቀው።

ከሁሉ በፊት መጉመጥመጫው

ከየትኛውም ተክል በፊት የሚቀድመው የጨውና የሶዳ ውኃ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከፈላ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ያህል ይቆይና ክዳኑ ሳይከፈት ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨመርበታል። ሱቅ ሲላኩ በደንብ አስረድተው ይላኩ፤ ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም፤ ቤኪንግ ፓውደር አሲድ የተቀላቀለበት ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ሕመምተኛው ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ ከምግብ በኋላ ሁሉ፣ ሊተኛ ሲልም፣ አፉ በጣም ካመመው ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ፣ አንድ ጉንጭ ይዞ ቀስ አድርጎ እያገላበጠ ይጉመጥመጥና ይትፋው። የተረፈው በማግስቱ ተደፍቶ አዲስ ይዘጋጃል። አልኮል ያለበት የፋርማሲ መጉመጥመጫ ያቃጥላል፤ ቁስሉንም ያደርቀዋል፤ መግዛት አያስፈልግም።

መፋቂያ ለለመደ ሰው አንድ ከባድ ምክር አለኝ። የወይራ መፋቂያ በደኅና ጊዜ መልካም ነው፤ ነገር ግን ነጭ የደም ሴልና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ባነሱበት ሳምንት ድዱን በቀላሉ ስለሚያደማው በጣም ለስላሳ በሆነ ብሩሽ መተካት አለበት። ብሩሹን ለብ ባለ ውኃ ነክሮ ማቆየት ይበልጥ ያለሰልሰዋል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሰውም ለምግብ ካልሆነ በቀር ቢያወልቀው ቁስሉ ያርፋል።

ተልባ

ከጓዳችን ዕፅዋት ለቆሰለ አፍ አስቀድሜ የማነሣው ተልባ ነው። የተልባ ፍሬ በሙቅ ውኃ ሲፈላ ከልጣጩ የሚወጣው የሚዝለገለግ ፈሳሽ የተላጠውን የአፍ ግድግዳ ሸፍኖ ምግብና አየር ሲነኩት የሚሰማውን ሕመም ያቀልላል፤ በአውሮፓም ከተልባ የተዘጋጀ ፈሳሽ ምራቃቸው ለደረቀ ሰዎች እንደ ምራቅ ምትክ ሆኖ አገልግሏል። ቁስሉን ቶሎ ያድነዋል ብዬ ቃል አልገባም፤ ሕመሙን ማስታገሱና አፉን ማርጠቡ ግን ቀላል ጥቅም አይደለም፤ አንድ ስኒ አጥሚት ለመዋጥ የሚበቃ ፋታ ማግኘት ለሕመምተኛው ትልቅ ነገር ነው።

አዘገጃጀቱ ከምናውቀው የጾም ተልባ ይለያል። ተቆልቶና ተወቅጦ የሚበጠበጠው ተልባ ምንም ያህል ቢነፋ ጥቃቅን የልጣጭ ስብርባሪ አያጣም፤ ያ ስብርባሪ ቁስሉ ላይ ሲቀመጥ እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ስለዚህ ያልተቆላና ያልተወቀጠ ፍሬ ይወሰዳል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተልባ ተለቅሞ ከአቧራው በደንብ ከታጠበ በኋላ በሦስት ብርጭቆ ውኃ በመለስተኛ እሳት አሥር ደቂቃ ያህል እየተማሰለ ይንተክተክ። ፈሳሹ እንደ እንቁላል ነጭ ከማንኪያው እየተሳበ መውረድ ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው። እናቴ ጋ መጀመሪያ ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነበር፤ ይቀዝቅዝ ብዬ ትቼው ስመለስ ከፍሬው ጋር ተጣብቆ አልጠለል አለኝ። ስለዚህ ገና ትኩስ እያለ በፈላ ውኃ በታጠበ ማጥለያ መውረድ አለበት። ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ጉንጭ ለአንድ ደቂቃ ያህል በአፍ ተይዞ ይተፋል፤ ከምግብ በፊት ቢሆን ይመረጣል። በፍሪጅ አንድ ቀን ብቻ ይቀመጣል፤ ፍሪጅ በሌለበት ቤት ጠዋት የተሠራው ለማታ አይቆይ።

ሊጠጣው የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። ተልባ የሚዋጥ መድኃኒትን በሆድ ውስጥ ሸፍኖ ሊያዘገየው ስለሚችል ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል። በሆርሞን የሚመራ የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ደግሞ ተልባ ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን በደካማው የሚመስል ንጥረ ነገር ስላለው አዘውትራ ከመጠጣቷ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ። ተጉመጥምጦ የሚተፋው ግን ይህን ያህል አያሳስብም።

ማር፣ በጥንቃቄ

ጅማ የማር አገር ናት። በለጠ-ጌራ ከሚባለው ደን አካባቢ የሚመጣው ማር የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው፤ ሕመምተኛ ሲጠየቅም ማር ይዞ መሄድ የቆየ ወግ ነው። የሚደንቀው፣ ለአፍ ቁስል ከሚነገሩት የተፈጥሮ መድኃኒቶች መካከል በጥናት ከሁሉ የተሻለ ድጋፍ ያገኘው ማር መሆኑ ነው። የካንሰር ደጋፊ ሕክምና ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መመሪያ፣ ራስና አንገታቸው ላይ ጨረር ለሚወስዱ ሕመምተኞች ማር የአፍ ቁስልን ለመከላከል እንዲታሰብ ሐሳብ አቅርቧል። በአንዳንዶቹ ጥናቶች የተሠራበት መንገድ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ ማር ከጨረሩ 15 ደቂቃ በፊት፣ ከጨረሩ 15 ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያም 6 ሰዓታት ቆይቶ በአፍ ውስጥ ቀስ እያሉ አዳርሶ መዋጥ ነው።

ነገር ግን ይህ ምክር ለጨረር እንጂ ለኬሞ ብቻውን የተሰጠ አይደለም፤ ልዩነቱም የቃላት ብቻ አይደለም። ከቀፎ የወረደ፣ ሰፈፉና እጩ ያልተለየለት ማር ጀርም ሊይዝ ይችላል፤ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘርም በማር ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ቤት ውስጥ ማሞቅ ይህን ዘር አይገድለውም። ነጭ የደም ሴሉ የወረደ ሰው ጥሬ ማር ባይወስድ ይሻላል። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር ጨርሶ አይሰጥም። በገበያ ስኳር የተቀላቀለበት ማር ስለማይጠፋ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ የታሸገና የተጣራ ማር ቢገዛ ይመረጣል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ጨረር ምራቅን ስለሚያደርቅና ምራቅ የሌለው ጥርስ በጣፋጭ ቶሎ ስለሚበላ፣ ማሩ ከተወሰደ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በጨውና በሶዳው ውኃ መጉመጥመጥና ከመኝታ በፊት ጥርስን በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ማጽዳት አይታለፍም።

እርድ፣ ካሞሚልና እሬት

በሕንድ አገር ራስና አንገታቸው ላይ ጨረር በሚወስዱ ሕመምተኞች የተደረጉ ጥቂት አነስተኛ ጥናቶች በእርድ ውኃ የተጉመጠመጡት ሰዎች ቁስላቸው ቀለል እንዳለ አሳይተዋል። እርድ ከእኛ ምዕራብ፣ ከቴፒ በኩል በብዛት ስለሚመጣ በጅማው ገበያ በሂርማታ መርካቶ ማግኘት አያስቸግርም፤ ይሁን እንጂ ተፈጭቶ ክፍት ጆንያ ላይ የዋለውን ሳይሆን ሥሩን ገዝቶ፣ አጥቦና አድርቆ ቤት ውስጥ መውቀጥ ይሻላል። ሩብ የሻይ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውኃ አምስት ደቂቃ ይፈላና በስስ ጨርቅ ተጠልሎ ሲቀዘቅዝ ለመጉመጥመጥ ብቻ ይሆናል። ቢያቃጥል ወዲያው ይተው። የእርድ ዱቄት በማንኪያ መዋጥ ወይም በክኒን መልክ መውሰድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የደም መርጋትን ሊያዳክም ስለሚችል ፕላትሌታቸው ላነሰና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች አይመከርም።

በሱፐርማርኬት በከረጢት የሚሸጠው የካሞሚል ሻይ ቀዝቅዞ ለመጉመጥመጫ ይሆናል፤ ለስላሳ ነው። ብዙ መጠበቅ ግን አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመና በኬሞ ላይ ያሉ 164 ሰዎችን ባካተተ ጥናት መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ የተለየ ውጤት አልታየበትም። ካሞሚል የአደይ አበባ ቤተሰብ ስለሆነ ለአበባ ብናኝ አለርጂ ያለው ሰው ይጠንቀቅ።

ስለ እሬት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከእሬት ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ጥርት ያለ ዝልግልግ በአንዳንድ ጥናቶች ተስፋ ሰጥቷል። ሆኖም በቅጠሉ ቆዳ ሥር ያለው ቢጫ ውኃ፣ «እንደ እሬት መረረኝ» የምንልበት እርሱ ነው፣ ሆድን ክፉኛ ያስቀምጣል፤ ለተዳከመ ሕመምተኛ ተቅማጥ መጨመር ደግሞ አደጋ ነው። በጥናት የተሞከረው አንድ የታወቀ ዝርያ ሲሆን በአገራችን ተዳፋት ላይ የሚበቅሉት እሬቶች ግን ብዙ ዓይነት ናቸው። ከግቢ ተቆርጦ የመጣን እሬት በእናቴ አፍ አላስገባሁም፤ ማንም እንዲያስገባ አልመክርም።

ከአፍ የሚርቁት

ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ ሚጥሚጣና አረቄ የተላጠን ሥጋ ያቃጥላሉ እንጂ ቁስል አያጸዱም። ቅርንፉድ ጥርስ ሲያም ማደንዘዙ እውነት ነው፤ ዘይቱ ግን የቆሰለ አፍን ይልጣል። የባሕር ዛፍ ዘይት ከተዋጠ መርዝ ነው። የብሳና ፈሳሽ በገጠር ቁስል ላይ ሲቀባ አይቻለሁ፤ ተክሉ መርዛማ ስለሆነ አፍ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ጤና አዳምም ሽታው ደስ ቢልም ሥጋን የሚያስቆጣ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው።

ጫት በጅማ የብዙ ቤት ልማድ ስለሆነ በግልጽ መናገር አለብኝ። ያልታጠበ ጥሬ ቅጠል ለሰዓታት ጉንጭ ውስጥ መያዝ አፍን ያደርቃል፣ ሽፋኑን ይፍቃል፣ ጀርምም ያስገባል፤ ሕክምናው እስኪያበቃ መተው አለበት። ሲጋራም እንደዚሁ። ቡና ግን ጨርሶ አይከለከልም፤ የሚጎዳው ትኩስነቱ ነው። እናቴ ጀበናው ሲፈላ ከጎረቤቶቿ ጋር መቀመጧን አልተወችም፤ ስኒዋ ለብ እስኪል ትጠብቅ ነበር፤ አፏ በጣም በታመመበት ሳምንት ደግሞ ጢሱን ብቻ ታሸት ነበር።

ምች አይደለም

ይህን ክፍል ማንም ሳያነበው እንዳያልፍ እለምናለሁ። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው ሲያተኩሰው፣ ራሱን ሲያመውና ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ሲወጣበት «ምች መታው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፤ ጭማቂው ከቡና ጋር ይጠጣል፤ ሕመምተኛውም ተሸፋፍኖ እንዲያልበው ይደረጋል። ጤነኛ ሰው በዚህ ይተኛና በማግስቱ ይነሣ ይሆናል። ኬሞ የወሰደ ሰው ግን 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ካተኮሰው በሰዓታት ውስጥ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ካላገኘ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ከንፈሩ ላይ የወጣውም ነገር ሰውነት ሲደክም የሚቀሰቀስ የሄርፒስ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል የራሱ መድኃኒት አለው። አንድ ሌሊት በዳማከሴ መጠበቅ ያ የሚድን ሰው የማይድንበት ሌሊት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከሁሉም ዕፅዋት በፊት ቤት ውስጥ መኖር ያለበት ቴርሞሜትር ነው። ጠዋትና ማታ፣ ብርድ ብርድ ባለው ጊዜም ሁሉ ይለካ። አፉ ስለቆሰለ በብብት መለካት ይሻላል፤ የብብት ሙቀት ከአፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለሚያሳይ 37.5 ሲደርስም ለሐኪም ይደወል። ትኩሳት ማብረጃ ከመዋጥ በፊት ይለካ፤ ማብረጃው ምልክቱን ይደብቀዋልና። ከትኩሳት በቀር ሲላጥ የሚደማ ነጭ ሽፋን በምላስና በጉንጭ ላይ ከታየ የፈንገስ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በማር ወይም በተልባ ሳይሆን እንደ ኒስታቲን ባለ መድኃኒት ነው የሚታከመው። ፈሳሽ መዋጥ ያቃተው፣ ከአፉ ደሙ አልቆም ያለው፣ ወይም ሽንቱ ቀንሶ የጠቆረበት ሰው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ከጅማ ርቀው በገጠር ወረዳ ያሉ ቤተሰቦች ኬሞው ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት የማታ መኪና ከማን እንደሚገኝ አስቀድመው ቢነጋገሩ መልካም ነው።

የሚዋጥ ምግብ

እንጀራ ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ያማል፤ ሲያስገድዱት ሕመምተኛው ጨርሶ ከምግብ ይርቃል። ከእንሰት የሚገኘው ቡላ ግን ለዚህ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ ልስልስ ነው፣ አይቆረቁርም፣ አይኮመጥጥም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቡላ በቀዝቃዛ ውኃ በደንብ ተበጥብጦ ጓጉሉ ከጠፋ በኋላ በፈላ ወተት ላይ ቀስ በቀስ እየፈሰሰ ይማሰላል፤ ሲወፍርና ጥርት ሲል ይወርድና ለብ ብሎ ይሰጣል። ቡላ ኃይል እንጂ ብዙ ፕሮቲን ስለሌለው ወተቱን አይንሱት፤ ወተቱ ግን የፈላ ይሁን፤ ጥሬ ወተትና ከጥሬ ወተት የተሠራ እርጎ በዚህ ወቅት አይሰጥም። የአጃ አጥሚት፣ በርበሬ ያልነካው ቀጭን አልጫ ሽሮ፣ ታጥቦ የተላጠ የበሰለ አቮካዶ፣ ሙዝና ፓፓያም ይዋጣሉ። ብርቱካንና ቲማቲም ይቆዩ።

ለሐኪሙ ተክሉን ሲናገሩ ስሙ ብቻ አይበቃም። በጅማ አንዱ ግራዋ የሚለውን ሌላው ኤቢቻ ይለዋል፤ የብሳናም ስም በአፋን ኦሮሞ በከኒሳ ነው፤ ዱቄት ሆኖ በላስቲክ የመጣ ነገር ደግሞ የሰጠው ሰው እንኳ በትክክል ላያውቀው ይችላል። እኔ ከዚያ የፌጦ ቀን በኋላ የመጣውን ሁሉ፣ ቅጠሉን ከነግንዱ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ማን መቼ እንዳመጣውና ምን ያህል እንደተወሰደ በደብተር ጽፌ ለኬሞ ቀጠሮ ይዤው እሄድ ነበር። መድኃኒቱን የምትሰጠው ነርስ አንድ በአንድ ገልጣ አይታ ከአምስቱ ሦስቱን መለሰችልኝ፤ ተልባውንና የታሸገውን ማር ተወችልኝ፤ ማሩንም የደም ምርመራው እስኪደርስ እንዳንነካው አዘዘችን።